አንድ ቤት፣ ሦስት ዓይነት ጾም፣ አንድ ምድጃ

የሳቢያን እናት (ክሩን የከፈተች) | ዓርብ ማታ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ሰኞ የካቲት 9፣ 2018 ሁዳዴ ይገባል። እኔ ከአሁኑ ደክሞኛል። ጾሙ አይደለም የሚያደክመኝ፤ ማዕድ ቤቱ ነው።

ቤታችን ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። አማቴ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አይቀምሱም። ዓሣ ሲባል ስሙንም መስማት አይፈልጉም። ባለቤቴ ይጾማል፤ ግን ቁርሱን በልቶ ነው ሥራ የሚወጣው፣ ዓሣም ካገኘ አይምርም። ትልቋ ልጄ ዐሥራ አራት ዓመቷ ነው። «ሽሮ ሰለቸኝ» ማለት ከጀመረች ቆይታለች። ትንሹ አምስት ዓመቱ ነው፤ ወተትና እንቁላሉን አልከለክለውም። እኔም ግማሽ ቀን ሥራ አለኝ።

አምና እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ። ጠዋት የባለቤቴ ቁርስ። ጎን ለጎን የትንሹ። ከዚያ የልጆቹ ምሳ ዕቃ። ከሥራ ስመለስ ለአማቴ ትኩስ ወጥ፣ ምክንያቱም ያደረ አይወዱም። ማታ ደግሞ እንደ አዲስ። ይህ ሁሉ በመጋቢት፣ በድሬ ሙቀት። ኪዳን ማድረስ አምሮኝ ቀረ። በአጭሩ እነሱ ጾሙት፣ እኔ አበሰልኩት።

እናንተ ቤት እንዴት ነው የምታደርጉት? አንድ ድስት ለሁሉም ይሆናል? ሊጡስ? ሳላስበው ኮምጥጦ ይጠብቀኛል። እንጀራው ቶሎ ይሻግታል። የልጆቹ ወጥ ምሳ ዕቃ ውስጥ እንዳለ ጠንዝቶ ይመለሳል።

ከዚራ ላጤ | ዓርብ ማታ 2፡58

አቦ እህቴ፣ ገና ሳይገባ አትሙቺብን! እኔ ብቻዬን ነኝ፣ ሁዳዴ ማለት ለእኔ ሩዝ ነው። ካሮት፣ ድንች፣ ቃሪያ፣ ትንሽ ዕርድ፣ አለቀ። የድሬ ልጅ ሩዝና ፓስታ ካለው አይራብም። ግን አማትሽ ሩዝ ይበላሉ ወይ? እናቴ «ሩዝ መክሰስ ነው» ነው የምትለው።

የሳቢያን እናት | ዓርብ ማታ 3፡05

አይበሉም። እንጀራ ካልቀረበ «ምሳ መቼ ነው?» ይላሉ።

የጀጎል እመቤት | ዓርብ ማታ 3፡31

እኔ ሐረር ነኝ፤ ያንቺን ሙቀት እግዜር አላመጣብኝም። ግን ብዙ ነፍስ ነው የማበላው፣ ስለዚህ ስሚኝ። በየቀኑ ወጥ አትሥሪ። ቁሌት ሥሪ።

ቅዳሜ በጠዋት፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ቀፊራ ገበያ ውረጂና ሽንኩርቱን በብዛት ግዢ። አድቅቀሽ በትልቅ ድስት ያለ ዘይት በዝግታ አብስይው። ውኃውን ይጨርስ፣ ይለስልስ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቸኩለው። ሽንኩርቱ በደረቁ በደንብ ከበሰለ ዘይቱ ግማሽ ይበቃል፤ የዘይትን ዋጋ ደግሞ አንቺም እኔም እናውቀዋለን። ከዚያ ዘይት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል። ለሁለት ክፈይው። አንዱ ላይ በርበሬ ጨምረሽ በትንሽ በትንሽ ውኃ እያቁላላሽ አብስይው። ሌላው ለአልጫ እንዲሁ ይቅር።

ሲበርድ በትናንሽ ዕቃ ከፋፍይው፤ እያንዳንዱ የአንድ ጊዜ ወጥ የሚሆን። የሦስት ቀኑ ፍሪጅ፣ የቀረው ፍሪዘር። ምስርና ክኩንም ለየብቻ ቀቅለሽ እንደዚያው።

ከሥራ ስትመለሺ አንዱን ዕቃ ታወጫለሽ። የፈላ ውኃ፣ ሽሮ፣ ጨው፣ እና በደንብ ይንተክተክ። ሩብ ሰዓት ነው። አማትሽ ያዩት ትኩስ ወጥ ነው፣ እውነትም ትኩስ ነው። ያደረው ቁሌቱ ነው፣ ቁሌት ደግሞ ሲያድር ይብስ ይጣፍጣል። ለእሳቸውም ይህንን መንገር ግዴታሽ አይደለም።

የሰንበት ተማሪ | ዓርብ ማታ 4፡12

ሰላም እህታችን። ስለ ሥርዓቱ ጥቂት ልበል፤ ሥራሽንም ያቀልልሻል ብዬ ነው።

ዘንድሮ ከየካቲት 9 እስከ ፋሲካ ዋዜማ ሃምሳ አምስት ቀን ነው፤ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል። ከዚህ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ የሰዓት ጾም የለባቸውም። ከጥሉላት፣ ማለትም ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል፣ እንከለከላለን እንጂ ከቅዳሴ በኋላ እህል ይቀመሳል። ልዩነቱ የፋሲካ ዋዜማዋ ቅዳሜ፣ ቀዳም ሥዑር ብቻ ናት። ስለዚህ በሳምንት ሁለት ቀን አማትሽም ባለቤትሽም በአንድ ሰዓት መብላት ይችላሉ።

ልጆችን በተመለከተ ከሰባት ዓመት ጀምሮ እንደ አቅማቸው እንዲለማመዱ ነው የተማርነው። የአምስት ዓመቱ ልጅ ላይ ማንም አይፈርድም። ዓሣን በተመለከተ እኔ የተማርኩት በዐቢይ ጾም እንደማይበላ ነው። ባለቤትሽ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። የማዕድ ቤት ክርክር ካደረጋችሁት ግን አያልቅም።

አንድ ነገር ግን ቅር ይለኛል። አሁን አሁን ጾም ሲገባ ሰው ሁሉ ስለ ምግብ ብቻ ያወራል። የጾም በርገር፣ የጾም ክትፎ፣ የአኩሪ አተር ሥጋ። ምላሳችንን ካላስከፋን ጾሙ ምኑ ላይ ነው?

ድስት አጣቢው | ዓርብ ማታ 4፡20

ወንድሜ የሰንበት ተማሪ፣ መልስህ ጥሩ ነበር፣ መጨረሻው ላይ አበላሸኸው። እህታችን የጠየቀችው ስለ በርገር አይደለም። ደክሞኛል ነው ያለችው። ለመሆኑ ሽንኩርት ልጠህ ታውቃለህ?

የሰንበት ተማሪ | ዓርብ ማታ 4፡27

አውቃለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤት ለዝክር የሚላጠውን ሽንኩርት አይተኸው ቢሆን ኖሮ አትጠይቀኝም ነበር። ሐሳቤ ግን ያው ነው።

የቀፊራ ደንበኛ | ዓርብ ማታ 4፡49

በዚህ ነገር ልግባ። ሥጋን የሚያስመስል የጾም ምግብ አዲስ ፈሊጥ ነው የሚል ሰው የሽምብራ ዓሣ በልቶ አያውቅም ማለት ነው። የሽምብራ ዱቄት በቅመም ይታሻል፣ ይዳመጣል፣ በዓሣ ቅርጽ ይቆረጣል፣ ይጠበስና ቀይ ወጥ ውስጥ ይገባል። አንዳንድ እናቶች ዓይኑንና ቅርፊቱን ሳይቀር በቢላ ጫፍ ይሠሩለታል። ይህን የፈጠሩት አያቶቻችን ናቸው። እነሱን ጾም አያውቁም ልትል ነው?

እኔ የአኩሪ አተር ሥጋ አልወድም፤ ግን ምክንያቴ ጣዕሙ ነው። ሃይማኖቴን ምክንያት አላደርገውም።

የመጋላ ልጅ | ዓርብ ማታ 5፡15

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ክሩን እያነበብኩ ነው። ዘንድሮም እንደ አምና ሁዳዴና ረመዳን አብረው ገብተዋል፤ የእኛም በዚሁ ሳምንት ነው የሚጀምረው። ስለዚህ የሳቢያን እናት፣ ብቻሽን አይደለሽም፤ ከተማው ሙሉ ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት እየከተፈ ነው።

እኛ ሰፈር እንዲህ እናደርጋለን። ሳምቡሳ ስንሠራ ሊጡ አንድ ነው። ውስጡ የሚገባው ለሁለት ይከፈላል፤ የሥጋ ለእኛ፣ የምስር ለክርስቲያን ጎረቤት። የምስሩ መጀመሪያ ይጠበሳል፣ ዘይቱ ሥጋ ሳይነካው። ጎረቤቴ ይህን ስለምታውቅ ሳትጠይቅ ትቀበለኛለች። እሷ ደግሞ ለፍጥራችን ሾርባ ትልካለች። አንዳንድ ቀን ሁለታችንም ዋናውን ሥራ አንሠራም።

ባጅያም አለላችሁ። ጥራጥሬውን ማታ ዘፍዝፎ ጠዋት መፍጨት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ድንብላል፣ ከዚያ በማንኪያ እየጨለፉ ወደ ዘይት። በዳጣ ይበላል። ለትልቋ ልጅሽ ሞክሪላት። ሽሮ የሰለቸው ሰው ባጅያ አይሰለቸውም።

የሳቢያን እናት | ዓርብ ማታ 5፡22

@የመጋላ ልጅ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ዘይቱ እንዳይነካካ ማሰብሽ ራሱ ደስ ይላል። እኛ ግቢም ሙስሊም ጎረቤት አለችኝ፤ ነገ አነጋግራታለሁ።

@የጀጎል እመቤት ቁሌቱን ነገ እጀምራለሁ። አንድ ጥያቄ፣ መብራት ቢጠፋስ? ፍሪዘሩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይበላሽብኛል ብዬ ፈራሁ።

የጀጎል እመቤት | ዓርብ ማታ 5፡40

ፍሪዘሩን ሞልተሽ ያዢው፣ ባዶ ቦታ ካለ ውኃ የሞሉ ላስቲኮች አስገቢበት። በረዶ ይሆኑና ቅዝቃዜውን ይይዙልሻል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ልጆቹን ከበሩ አርቂ። እየከፈቱ «ቀለጠ ወይ?» የሚሉት ናቸው የሚያቀልጡት።

ምጣድና አክንባሎ | ቅዳሜ ጠዋት 1፡10

ስለ ሊጡ ማንም አልመለሰም፣ ስለዚህ እኔ ልመልስ። እንጀራ ጋግሬ የምሸጥ ሴት ነኝ፣ እዚሁ ድሬ።

ደጋ ላይ የተማርሽውን የሊጥ ቀን እርሺው። ሙቀት እርሾን ያስቸኩለዋል። ሐረር ሦስት ቀን የሚቆየው ሊጥ ድሬ ላይ በሁለተኛው ቀን ደርሶ ይጠብቅሻል፣ በግንቦትማ ከዚያም ይቀድማል። ስለዚህ እርሾውን ቀንሺ። የቀዘቀዘ ውኃ ተጠቀሚ። ጠዋት አታቡኪ፣ ማታ አቡኪ፤ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ይጠቅምሻል። ቡሃቃውን ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከምድጃው ራቅ አድርገሽ አስቀምጪው።

ላዩ ላይ የሚጠለለውን ቢጫ ውኃ በየቀኑ ድፊና በንጹሕ ውኃ ተኪው። ኩምጣጤው ያለው እዚያ ውስጥ ነው። አብሲቱን ጣይ፣ ቀዝቀዝ ሲል ቀላቅይው፣ ኩፍ ሲል ወዲያው ጋግሪ። «ትንሽ ልረፍ» ካልሽ አለቀልሽ።

ሻጋታው የሚመጣው ከጥድፊያ ነው። እንጀራው ሳይበርድ ከተደራረበ ላቡ ውስጡ ይቀራል። አንድ በአንድ ሰፌድ ላይ ይብረድ። በላስቲክ አትጠቅልዪው፣ በንጹሕ ጨርቅ ይሁን። በሳምንት አንድ ጊዜ ብዙ ከመጋገር ሁለት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይሻላል። ጤፉን ከማሽላ ጋር የምትቀላቅይ ከሆነ ደግሞ ማሽላው ቶሎ ስለሚደርቅ የዚያኑ ቀንና የማግስቱን ብቻ ጋግሪ። የደረቀውን ግን አትጣዪ፣ ለፍርፍር ነው። ቲማቲም ፍትፍት ቀዝቃዛ ስለሆነ ለድሬ ቀትር ከእሱ የተሻለ የለም። ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ዘይት፣ ጨው። እሳት የለ፣ ምን የለ።

ጤና ጣቢያ የምሠራ | ቅዳሜ ጠዋት 2፡35

ስለ ትልቋ ልጅ አንድ ቃል። ዐሥራ አራት ዓመት የወር አበባ ዕድሜ ነው፤ ብረት ያስፈልጋታል። ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን ላይ ብረት አለ፣ ግን ሰውነት እንደ ሥጋው በቀላሉ አይወስደውም። ሎሚ ወይም ቲማቲም አብሮ ሲኖር በደንብ ይወስደዋል። ሻይና ቡና ደግሞ ይከለክሉታል። ስለዚህ ወጥ ላይ ሎሚ ይጨመቅ፣ ሻዩ ከምግቡ አንድ ሁለት ሰዓት ይራቅ። ምግብ እንዳለቀ ወዲያው ቡና ማፍላት እንደምንወድ አውቃለሁ፣ እኔም እወዳለሁ።

የአምስት ዓመቱ ወተትና እንቁላሉን ይቀጥል። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው የሚገኘው። እርጉዝ፣ አጥቢ፣ መድኃኒት በሰዓት የሚወስድ ሰው ደግሞ ከንስሐ አባቱም ከሐኪሙም ጋር ተነጋግሮ ይወስን። አማትሽ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት አላቸው? ካላቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ መቆየቱን፣ በተለይ በዚህ ሙቀት፣ ሐኪማቸው ማወቅ አለበት።

የሳቢያን እናት | ቅዳሜ ጠዋት 3፡02

ግፊት አለባቸው። ኪኒኑን ማታ ነው የሚወስዱት። ለማንኛውም ሰኞ ሳይመጣ አስጠይቃለሁ፤ አመሰግናለሁ።

የትንሹ ነገር ሌላ ጣጣ አለው። ወተት የፈላበት ድስት የጾሙን ማንኪያ ነካ ብለው አማቴ አምና ሙሉ ድስት ወጥ ሳይበሉ ቀሩ። እኔም አለቀስኩ።

ድስት አጣቢው | ቅዳሜ ጠዋት 3፡11

እኛ ቤት ለልጁ አንድ ትንሽ ቀይ ድስት፣ አንድ ማንኪያ፣ አንድ ሳህን ለብቻው አለ። መደርደሪያውም ሌላ ነው፣ የሚታጠብበት ስፖንጅም ሌላ። ቀለሙ ቀይ የሆነው ሆን ተብሎ ነው፤ እንግዳ ቢመጣም አይሳሳትም። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት ሌላው ዕቃ ሁሉ በፈላ ውኃ ይታጠባል። አጣቢው እኔ ነኝ፣ ስሜን ከየት ያመጣሁት መሰላችሁ?

ባልሽ የት ነው ያለው በነገራችን ላይ? ቁርሱን በልቶ ይወጣል አልሽ። ሳህኑንስ ማን ያነሳዋል?

የሳቢያን እናት | ቅዳሜ ጠዋት 3፡15

አይ አንተ። ክሩን እንዳላሳየው አደረግከኝ።

እትዬ ነኝ | ቅዳሜ ቀትር 5፡50

ልጆቼ፣ ከሁላችሁም ሳልበልጥ አልቀርም። እኔ ራሴ አማት ነኝ፤ ምራቴ ጋ ነው የምኖረው።

የሳቢያኗ ልጄ፣ ስለ አማትሽ የተናገርሽውን ሁሉ አነበብኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ። ያደረ አይወዱም። ዓሣ አይወዱም። ሩዝ አይበሉም። አንድ ነገር ግን አልነገርሽንም። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራሉ?

እኔ ልንገርሽ። ቁጭ ብለው ሰዓት ይቆጥራሉ። ሆድ ባዶ ሲሆን እጅም ባዶ ከሆነ ቀኑ አይገፋም። ዕድሜ ልኳን ቤት ስታስተዳድር የኖረች ሴት ሁሉን ነገር ስትቀሚያት የወጡን ጨው ከመንቀፍ ሌላ ምን ሥራ ቀራት? እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ምራቴ አንድ ቀን «እማማ፣ ስልጆ እርስዎ እንደሚሠሩት አይሆንልኝም፣ ያሳዩኝ» አለችኝ። ታውቅ ነበር፣ ውሸቷን ነው። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልጆው፣ እልበቱ፣ የሽሮው ቅመማ የእኔ ሆነ። ሽንኩርቱንም እኔ ነኝ የምልጠው፣ ሬዲዮ እየሰማሁ።

«ይሥሩልኝ» አትበዪ፣ ነውር ነው። «ያሳዩኝ» በዪ።

የጀጎል እመቤት | ቅዳሜ ቀትር 6፡04

እትዬ፣ እጅዎን ይባርክ። የእኔ ቁሌት እንኳን ይህን አያክልም።

ከዚራ ላጤ | ቅዳሜ ቀትር 6፡20

እትዬ፣ ለእናቴ ምራት የምትሆን ልጅ አለችዎት? እኔ ሩዝ ብቻ መብላት ሰልችቶኛል።

እትዬ ነኝ | ቅዳሜ ቀትር 6፡33

አለችኝ። ሩዝ ግን አትወድም።

የሐረር ተማሪ | ቅዳሜ ከሰዓት 9፡45

ስለ ዐሥራ አራት ዓመቷ ልጅ ማንም እንደ ልጅ አልተናገረላትም፣ እኔ ልናገርላት። ያን ዕድሜ አልፌ ብዙም አልቆየሁም። «ሽሮ ሰለቸኝ» ማለት ሁልጊዜ ስለ ሽሮ አይደለም። ጓደኞቿ ሁሉ አይጾሙም ይሆናል። ለምን እንደምትጾም ማንም አልነገራት ይሆናል። እኔን እናቴ ስትጮህብኝ ተደብቄ ነበር የምበላው። የገባኝ በኋላ ነው፣ ጸሎተ ሐሙስ ከአያቴ ጋር ጉልባን ስሠራ። ስንዴውንና ባቄላውን እየለቀምን የሰሞነ ሕማማቱን ነገር አንድ በአንድ አጫወተችኝ። ከዚያ በፊት ያን ሁሉ ስብከት ሰምቼ አልገባኝም ነበር።

በሳምንት አንድ ቀን ማዕድ ቤቱን ለእሷ ልቀቂላት። የጾም ከሆነ የፈለገችውን ትሥራ፤ ፓስታ በቲማቲም፣ የጾም ፒዛ፣ ምንም ይሁን። አያትየው አይበሉም እንዴ? ይብሉ፣ የልጅ ልጃቸው የሠራችውን አይበሉም ማለት ነው?

የሰንበት ተማሪ | ቅዳሜ ከሰዓት 10፡08

ይህ ጥሩ ነው። በዚያ ላይ የየሳምንቱን ስም አስተምሯት። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና። እያንዳንዱ እሑድ የራሱ ወንጌል አለው። መጻጉዕ ላይ የሠላሳ ስምንት ዓመቱን በሽተኛ ታሪክ አንብባ ከተወያየችበት፣ ፒዛውን እኔም እበላለሁ።

ደጅ ጠኚ | ቅዳሜ ማታ 1፡30

ሰላም፣ እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፣ ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ናት። እኛ ስንጾም ለተወሰነ ጊዜ ከምግብ ሁሉ እንለያለን እንጂ ጥሉላት የሚባል ነገር የለንም። ሁዳዴ ሲገባ ግን ቤታችን አንድ ድስት ነው፣ የእሷ። ሥጋ ካማረኝ ውጭ እበላለሁ። መጀመሪያ ላይ የሁለታችንም ቤተሰብ ብዙ አወራ። አሁን ትተውናል። ሌላ የምጨምረው የለኝም፣ ቲማቲም ፍትፍቱን ግን እደግፋለሁ።

ለቁልቢ የተሳለ | ቅዳሜ ማታ 1፡52

ከርዕስ ልወጣ ነው፣ ይቅርታ። የጾም ምግብን በብዛት ማብሰል መማር የሚፈልግ የታኅሣሥ 19ን የቁልቢ ገብርኤል ጉዞ ይይ። የታኅሣሡ ንግሥ ሁልጊዜ ጾመ ነቢያት ውስጥ ነው የሚውለው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በጾም ምግብ ነው የሚስተናገደው። የሐምሌው ጊዜ ደግሞ የሐዋርያት ጾም ተፈትቷል። እኛ ሁልጊዜ የምንይዘው ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ እና የባቢሌ ኦቾሎኒ ነው። መንገድ ላይ የማይበላሽ ምግብ ምሳ ዕቃም ውስጥ አይበላሽም። ይኸው ወደ ርዕሱ ተመለስኩ።

ምጣድና አክንባሎ | ቅዳሜ ማታ 2፡15

@ለቁልቢ የተሳለ ጥሩ አስታወስከኝ። የባቢሌ ኦቾሎኒ ተቆልቶ፣ ገለባው ተራግፎ፣ በደንብ ከተፈጨ የራሱን ዘይት ያወጣና የለውዝ ቅቤ ይሆናል። ትንሽ ጨው፣ ከተፈለገ ስኳር። ዳቦ ላይ ተቀብቶ ለልጅ ምሳ ዕቃ ይሄዳል፣ ሙቀት አይነካውም። ስኳር ድንች ተቀቅሎም ይሄዳል። ወጥ የግድ ከሆነ ግን ትኩሱን አትክደኚ፣ በርዶ ይከደን። ፎሶሊያ በካሮት፣ ድንች ጥብስ፣ ደረቅ ያለ ነገር ይሁን። መረቅ ያለው ነገር እስከ ምሳ ሰዓት አይደርስም።

የሳቢያን እናት | ረቡዕ ማታ 3፡20

ተመለስኩ። ዘወረደ ላይ ነን።

ቁሌቱ ሠራ። ቅዳሜ ከሰዓት ከጎረቤቴ ጋር አብረን አበሰልነው፤ እሷም የረመዳኗን አብራ ሠራች። እኔ ወደ ምድጃው የምቀርበው ከሥራ ስመለስ ለአንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ከዚያ ማታ ለማሞቅ።

አማቴን «ስልጆ ያሳዩኝ» አልኳቸው። ዓይናቸውን ማየት ነበረባችሁ። የሱፉን ውኃ፣ የባቄላውን ዱቄት፣ ሰናፍጩን፣ ጤና አዳሙን ከየት እንደምገዛ ሳይቀር አዘዙኝ። ገዝቼ ስመጣ ደግሞ ሰናፍጩን አሸተቱና «ይሄ የት አገር ነው?» ብለው መለሱኝ። ስለዚህ ሥራ ቀነሰልኝ ማለት አልችልም፤ ቀፊራ ሁለት ጊዜ ወርጃለሁ። ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ወጡ ጨው ምንም አላሉም። ሐኪሙም ማታ የሚወስዱት ኪኒን እንደሚሆን፣ ግን ራስ ማዞር ካለ ወዲያው ጾሙን እንዲያቆሙ ነግሯቸዋል። እሺ ብለዋል፣ ያደርጉታል ወይ ሌላ ነገር ነው።

ልጄ ነገ ማታ ተረኛ ናት። ባጅያ ነው የመረጠችው። ባለቤቴ ቀዩን ድስት ገዝቶ መጣ፤ ክሩን አንብቦታል መሰለኝ።

ዓሣው አልተፈታም። የንስሐ አባታችን «በሁዳዴ ተወው» ብለውታል፣ እሱ ደግሞ «እያሰብኩበት ነው» ይላል።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ሱፍ ፍትፍት ለአማቴ ላደርግላቸው እፈልጋለሁ፣ ቀዝቃዛ ስለሆነ። የእኔ ግን ሁልጊዜ ይመርራል። ለምን ይሆን?

እትዬ ነኝ | ረቡዕ ማታ 3፡48

ሱፉን አሳርረሽው ይሆናላ። አትቁዪው፣ ቀቅይው። ታጥቦ፣ ገለባው እስኪለሰልስ ተቀቅሎ፣ ያን ውኃ ድፊው። በአዲስ ቀዝቃዛ ውኃ ፍጪውና በንጹሕ ነጠላ አጥልዪው። ወተት ይመስላል። ዝንጅብል ወቅጠሽ ጭማቂውን ብቻ ጨምሪ፣ ጨው፣ ጥቂት ሎሚ። ሽንኩርቱና ቃሪያው ግን ሊበላ ሲል ነው የሚገባው፤ ቀድሞ ከገባ ጠረኑን ያበላሸዋል። በድሬ ሙቀት ሱፉ ከፍሪጅ ውጭ አይደር።

የሳቢያን እናት | ረቡዕ ማታ 3፡55

እቆላው ነበር። ነገ በጠዋት እቀቅላለሁ። እንጀራውን የምፈተፍተው ሲያድር ነው ወይስ ሲቀርብ?

እትዬ ነኝ | ረቡዕ ማታ 4፡01

ሲቀርብ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል።